ቀትር ላይ የሚሞቀው ብርጭቆ

ጥቅምት 6፣ ሱሉልታ

ውርጩ ጣት ይቆርጣል። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሯጮቹ በደጃችን ሲያልፉ፣ በመንገድ ዳሯ ትርፍ ክፍላችን፣ ብርጭቆው ውስጥ በነከርኩት ሽቦ ላይ ከረንት ለቀቅኩ። አንድ ሰዓት ሲሆን አጥፍቼ ወደ ሚኒባስ ሩጫ። አከራያችን ኦቦ ጉታ ከአጥሩ ማዶ «አካም ቡልቴ! ዛሬም ውሃህን ጥደሃል?» አሉኝ። የፀሐይን ሥራ ያለ እሳት ብርጭቆ ውስጥ ልሠራ ነው ብላቸው ምን ሊሉኝ?

ከሥራ ስመለስ ትናንት መርካቶ የገዛኋትን የሙቀት መመዝገቢያ አየሁ። አሮጌ ናት፤ ትልቁን ሙቀትና ሰዓቱን ብቻ ነው የምትይዘው። 6:50 ትላለች። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ! ከረንት ላይ እያለ ቢሞቅ ያለ ነው። ከጠፋ በኋላ፣ ሰው በሌለበት ቤት፣ በቀትር ብቻውን ሲሞቅ ግን... ምን ይባላል?

ጥቅምት 7

ዛሬም ስድስት ከሃምሳ! ኧረ ጉድ!

ጥቅምት 9

ሁለት ቀን ሙሉ መብራት የለም። ልፈነዳ ነው።

ጥቅምት 10

ገባኝ! ሽቦው ከረንት ላይ እያለ ከባዱን ውሃ፣ ያን ሃይድሮጅኑ እጥፍ የሚመዝነውን፣ ይጠጣል። ከዚያ ስድስት ሰዓት ያህል ያርፋል። ሙቀቱ ከዕረፍቱ በኋላ ነው! ሰው ሁሉ ለምን አጣው? አልጠበቀማ!

ጥቅምት 12

ዮፍታሔ ጋ ደወልኩ። አብረን ተምረን እሱ አሁን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል። «ወንዴ፣ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።» እሁድ ይመጣል።

ሚስቴ ዕድላዊት ሰማች። «እሁድ ካልሞቀ ክፍሏን ትለቅልኛለህ። ጸጉር ቤት እከፍትባታለሁ። እስከ መቼ ሰው ቤት ልሥራ?» እውነቷን ነው። እሺ አልኩ። ክፍሏ ከሄደች ሙከራውን የት ልወስደው ነው?... ግን ይሞቃል። ይሞቃል!

ጥቅምት 16፣ እሁድ

አልሞቀም።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሊሆን ሆነ፣ ብርጭቆው ድንጋይ። ዮፍታሔ መመዝገቢያዋን አንስቶ ይነካካ ጀመር። አንዱን ቁልፍ ሲጫን ሰዓት አወጣች። 12:52።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ለሰባት ስምንት ጉዳይ።»

«ይቺ አሥራ ሁለት ከሃምሳ ሁለት ትላለች። ወንዴ... በፈረንጅ ሰዓት ነው እኮ የምትቆጥረው!»

ስድስት ከሃምሳዬ የእኛ አሥራ ሁለት ከሃምሳ። ንጋት። ከረንቱ ገና ሳይጠፋ! ስድስት ሰዓት ያረፈ ሽቦ የለም። አፈርኩ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የሳቀችው ዕድላዊት ናት። ከዚያ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን... ስንወጣ የክፍሏን ቁልፍ ሰጠኋት።

ጥቅምት 18

ዕቃዬን ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ዕድላዊት «የት ልትወስደው ነው?» አለች። ወደ መኝታ ቤት፣ አልኳት። «መስኮቷ ሥር ይቀመጥ እንጂ፤ ምን አስቸኮለህ?»

መመዝገቢያዋን በእኛ ሰዓት ሞላኋት።

ኅዳር 3

ጸጉር ቤቱ ሞቅ ብሏል። ብርጭቆው ከጸጉር ማድረቂያው ካስክ ጎን ነው፤ ንጋት ላይ እንደ ድሮው አንድ ሰዓት ከረንት ለቅቄበታለሁ። ልክ ቀትር ላይ መሥሪያ ቤት ስልኬ ጮኸ። ዕድላዊት ናት።

«ካስኩን አጥፍቼ ነው የለካሁት። ሽሩባዋን ገና ያልጨረስኩላት ሴትዮ እየተነጫነጨች ነው። ቀዝቃዛ ነው፤ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ቀዝቃዛ። ደስ ሲል! ሰው በዓይኑ አይቶ የነገረኝ የመጀመሪያው ውጤት።

«ስማ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ለምን? ሌሊቱን ሙሉ ከረንት ላይ ቢያድርስ? ጠዋት እኔ አጠፋዋለሁ።»

እኔ አልጠየቅኳትም እኮ!