አሥር ደቂቃ ዝም ያለው አለቃ

ለውዱ አባዬ፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ጎማ ስታነሳ ቀስፎ ይይዘኛል ያልከው ለቀቀህ? የእማዬ ጉልበትስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከሥራ ልባረር ትንሽ ቀርቶኝ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። አትደንግጥ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አንገት ትለካለች» እያልክ ታወራለህ አሉ። ልብስ ሰፊ አደረግከኝ እኮ! የምለካው አንገት ውስጥ ያለውን ደም ቅዳ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ግድግዳው ሰፋ ጠበብ ሲል በአልትራሳውንድ አየዋለሁ። ነገሩን መጀመሪያ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ አዲስ የውስጥ ጎማ ሲነፉት ይለጠጣል፣ ያረጀው ደርቆ እምቢ ይላል። አዲሱም ቢሆን ግን አንዴ ከልክ በላይ ከተወጠረ፣ አየር ብትጨምርበት ብዙም አይነቃነቅም። ደም ቅዳም እንዲሁ ነው። አልተንቀሳቀሰም ተብሎ ብቻ «ደርቋል» አይባልም፤ በዚያች ሰዓት የሰውዬው ግፊት ስንት እንደነበር መታወቅ አለበት። ለዚህ ነው ማንም ሰው ከመለካቱ በፊት አሥር ደቂቃ ጋደም ብሎ ዝም እንዲል ደንብ ያወጣሁት።

አለቃችንን ግን ማን ዝም ያሰኘዋል? በሌለበት «ነጎድጓድ» ነው የምንለው። ባለፈው ሳምንት የምርምር ክፍላችንን ሊጎበኙ በመጡ እንግዶች ፊት «ጤነኛ ደም ቅዳ ምን እንደሚመስል በኔ እዩ» ብሎ አልጋው ላይ ወጣ። ደንቡን ባስታውሰው «አንቺ ነሽ ደንብ የምታስተምሪኝ?» ብሎ አምባረቀብኝ። ጮኾ ሳይጨርስ ለካሁት፤ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት የሚበልጡት ዘበኛችን ጋሼ ተኙ። ጸጥ ከማለታቸው የተነሳ ሊያንኮራፉ ምንም አልቀራቸውም። የእሳቸው ግድግዳ እንደተኛ ሕፃን ሆድ ከፍ ዝቅ ይላል። እንግዶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

በማግስቱ አለቃችን ወረቀት አቀረበልኝ። «እጄ ተንቀጥቅጦ ልኬቱን ስላበላሸሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ካልፈረምኩ መሣሪያውን አልነካም፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ ማለት ነው። አባዬ፣ ይህ እጅ በስምንት ዓመቴ የተበሳ ጎማ ላይ ልጥፍ ሲለጥፍ ተንቀጥቅጦ ያውቃል? አልፈርምም አልኩት። ጋሼን የለካው የማን እጅ ነው? አሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይተኙና እንደገና እንለካ፤ ያኔ ይታያል አልኩት።

አለቃችንም ስህተቴን ሊያሳየኝ ቸኩሎ ተኛ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አፉን ሲከፍት «ከመጀመሪያው!» አልኩና ሰዓቱን መለስኩት። ሰባተኛው ላይ ደገመ፤ እኔም ደገምኩ። በመጨረሻ እሺ ብሎ አፉን ሲዘጋ፣ የሆዴን ሁሉ ልዘረግፍለት ምን ያህል እንዳማረኝ! መልስ መስጠት አይችልማ! ግን ግፊቱ እንዳይወጣብኝ ምላሴን ነክሼ ቻልኩት። ከሱ ይልቅ የተሰቃየሁት እኔ ነኝ።

ስለካው ግፊቱ ወርዷል፤ ግድግዳውም ጎላ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ቢሆንም ለዕድሜው ደረቅ ብሏል፤ እሱንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ማንም ሳያዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የይቅርታውን ወረቀት ገልብጦ «የሐኪም ስልክ ጻፊልኝ» አለኝ። ጻፍኩለት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ወንድሜን ሳምልኝ። አክስቴን፣ ከነልጆቿ፣ በያሉበት ሰላም በልልኝ። እማዬን ደግሞ ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላታለሁ፤ ፋርማሲ ሄደህ ግፊትህን ስትለካ ሰዓቱን እሷ ትያዝ። ስለ ጎማ ማውራት ከጀመርክ፣ ከመጀመሪያው!

ልጅህ
ከመለኪያው ክፍል፣ ኅዳር 12 ቀን