ጋቢ የለበሰችው ዘንዶ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ሐረግወይን፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ክረምቱን እንዴት ቻለው? አባዬንስ ሳሉ ተወው ወይስ ዛሬም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ላሟስ ወለደች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የጻፍኩልሽ በስልክ «ዘንዶ» ባልኩ ቁጥር ስለምትዘጊብኝ ነው። ንጋት እህቴ፣ አንድም ቃል ሳትዘልዪ አንብቢላት።

እንደምታውቂው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ በመምህር ደረሳ ግቢ፣ ተማሪዎች እየመጡ የሚያዩዋትን ዘንዶ እንድንከባከብ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጥሬያለሁ። የምትኖረው መስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ሥራዬ ማብላትና ሙቀቷን መጠበቅ ነው፤ አንዱን ጫፍ አምፖል ያሞቀዋል፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይላል፣ እሷ እንደፈለገች ትመላለሳለች። አሁን ጠዋት ጠዋት እንደ አገሩ ሰው «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ እላታለሁ። አታማትቢ፣ መልስ አትሰጠኝም።

ነሐሴ ላይ መምህር ደረሳ ለልቅሶ ቢላ ወደምትባለው ከተማ ሄዱ። በማግስቱ መብራት ጠፋ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልመጣም። የነቀምቴን የነሐሴ ዝናብ አታውቂውም። ዘንዶዋ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘች። አንጀቴ አልችል አለኝና አንቺ የላክሽልኝን ጋቢ አጥፌ ሳጥኑን ጀቦንኩት፤ እኔ በአንሶላ ተኮራምቼ አደርኩ። ጠዋት ስገልጠው የበላችውን አይጥ ተፍታ፣ ደርቃ ተጠቅልላ አገኘኋት።

መምህሩ ሲመለሱ ልዋሻቸው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ጋቢውን አይተው መጀመሪያ ሳቁ። ጋቢ አንተን የሚያሞቅህ ሙቀቱ ከራስህ ስለሚወጣ ነው፣ እሷ ግን ከራሷ የምታወጣው ሙቀት የላትም፣ ብርዱን ነው የሸፈንክላት አሉኝ። ከዚያ መብራቱ ገና አልመጣምና በከሰል ውሃ አፍልተን ትንንሽ ጄሪካን ሞላን፣ በፎጣ ጠቅልለን በአንዱ ጫፍ አስቀመጥን፤ ሙቀት መለኪያው ሠላሳ ዲግሪ ደረሰ። ሌላውን ጫፍ ተውነው። መብራት በጠፋ ቁጥር አሁን የማደርገው ይህንኑ ነው። «ጀባዹ» አሉኝ፣ በርታ ማለታቸው ነው፤ አልተቆጡኝም።

ሦስት ሳምንት ምግብ አልቀመሰችም። ትሞታለች ብዬ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ጋራዡም ዳቦ ቤቱም በአንድ ጥፋት እንዳባረሩኝ ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ዕለት ግን አይጧን ሳቀርብላት ላፍ አደረገቻት! ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ተነደፈ ብሎ ሮጦ መጣ። መምህሩም ሙከራህ አብቅቷል ብለው ቋሚ አደረጉኝ።

ለመስቀል ጠቅልለህ ና ብለሽኝ ነበር። እመጣለሁ እማዬ፣ ግን ለአራት ቀን ብቻ። ብትቆጪም ተቆጪ፤ አጥፍቼ ያልተባረርኩበት የመጀመሪያ ቦታዬ ነው።

የአባዬን ጉልበት ስሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ የሺአረግ ጸሎታቸው ደርሶኛል በይልኝ። ንጋትን ጉንጯን ስሜያለሁ፤ ለላሟም ሰላምታ አድርሱልኝ።

ልጅሽ ኢዮስያስ
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.