አነባለሁ ብዬ የፈረምኩበት መኪና

ማርቆስ ነው። ለደረሰብኝ በደል ሌላ ሰው እንዳትጠረጥር ብዬ ከሰላምታው በፊት ስሙን ጻፍኩልህ። ያንተው ታናሽ ወንድም፣ እኛው ቤት ያደገው ማርቆስ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። የአስቴር አባት፣ እንደምን አለህ? ከተለየኸኝ አራት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያለህበት ቦታ ከሲቀላ ሙቀት ይሻል ይሆናል። እኛ ደህና ነን ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው። ግን ፊደል የተማርኩት በገዛ እጄ ውሸት ልጽፍ አይደለም።

አዎ፣ በገዛ እጄ ነው። አንተ ስትሞት ከራሴ ስም ውስጥ አንዲት ፊደል አላውቅም ነበር። ባረፍክ በዓመቱ በቀበሌው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተ፣ ገባሁ። የምታስተምረን ከዚሁ ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ የምትጠብቅ የወሎ ልጅ ናት፤ ከአስቴር ታንሳለች። ሦስቱ ሀ ለምን እንዳስፈለጉ ጠይቄያት እስካሁን አላስረዳችኝም። ቢሆንም በሁለት ዓመት የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ማንበብ ቻልኩ። አንተ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የጨንቻን ደጋ እየዞርክ ስንቱን ሽማግሌ ፊደል አስቆጠርክ። እኔ ያን ጊዜ ሸሚዝህን አጥብ ነበር። አንድ ቀን «እኔንስ?» ብልህ ሳቅህና «ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አለሁልሽ» አልከኝ። ይኸው የለህም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ማንጎውን ነጭ ተባይ ስለጨረሰው ቆረጥኩትና በቦታው ሙዝ ተከልኩበት። አስቴር ምዕራብ ዓባያ ታስተምራለች፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ትመጣለች። እኔም ሙዜን ከማሳው ወደ ሲቀላ ገበያ እያመጣሁ በመሸጥ ነው የምኖረው። ችግሩ ማመላለሻ ነበር። ከማሳው የሚያወጣልኝ መኪና ቀን ሲቀጥረኝ፣ ባለጋሪው ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ የተቆረጠው ሙዝ ጠቁሮ ስንት ጊዜ ለከብት እንደሰጠሁት አንተም ታውቃለህ። ማርቆስ የገባው በዚህ በኩል ነው።

«እትዬ፣ አዲስ ፒክአፕ እንግዛ» አለኝ። «አንቺ ሙዝ አለሽ፣ እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ። የሰው መኪና መለመን ይብቃሽ።» ለቅድሚያ ክፍያው ከሙዙ ያጠራቀምኩትና የዕቁቤ ገንዘብ ይበቃል፣ የቀረውን አበዳሪ ተቋም ይሰጠናል፣ ለመያዣ የቤትሽን ካርታ እናቀርባለን አለ። ዕድሜዬ ለብድር ስላለፈ ብድሩ በእሱ ስም ይወጣል፣ ሊብሬው ግን በእኔ ስም ይሆናል አለኝ። አንተ መኪና ስላልነበረህ ላታውቀው ትችላለህ፤ ሊብሬ የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚናገረው ደብተር ነው። አስቴር ስትሰማ «እማዬ፣ ቤቱን አትንኪ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የመጨረሻ ቃልህን ያዝኩ። ድምፅህ ሊጠፋ ሲል እጄን ይዘህ «ከማርቆስ ምክር እንዳትወጪ» ብለኸኛል። አልወጣሁም።

መኪናውን ለማየት ሐዋሳ ሄድን። የአስቴር አባት፣ ያን ቀን ብታየኝ ኖሮ! ሻጩ ክራቫት ያሰረ ለግላጋ ወጣት ነው። «እናቴ፣ እዚህ ዋጋ አንድ ነው፣ ክርክር የለም» አለኝ። «አንድ ከሆነ አንተ ለምን ተቀመጥክ? ዋጋውን በሩ ላይ ለጥፈህ ቤትህ አትሄድም?» አልኩት። መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ከኋላ ጭነት የሚያርፍበት ጎን ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት አገኘሁ። «ይህ ነው አዲስ? ሙዜ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ቢኖር ደንበኛዬ ፊቴ ላይ ይወረውረዋል» አልኩት። ማርቆስ ነጠላዬን እየጎተተ «እትዬ፣ አታሳፍሪኝ» ይላል። ሁለት ጊዜ ተነስቼ እስከ በሩ ሄድኩ። በሁለተኛው አለቃቸው ራሱ ወጥቶ መለሰኝ። ዋጋው ወረደ፤ በላዩ ላይ የጭነት ሸራ፣ የወለል ምንጣፍና የመጀመሪያው ሰርቪስ በነፃ ተጨመረልኝ። ልጁ ላቡን እየጠረገ «ለመሆኑ ምን ይሸጣሉ እናቴ?» ሲለኝ «ሙዝ» አልኩት። «ገዢዎችዎን እግዚአብሔር ይርዳቸው» ብሎ አሳቀኝ። እኔ ሸራው እንዳልተቀደደ ዘርግቼ ሳይ፣ የዋጋውን ወረቀት ማርቆስ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። የቸኮለ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ውል ለመፈረም እዚሁ አርባ ምንጭ ወዳለው የአበዳሪው ቢሮ ሄድን። ከዚህ በኋላ ያለውን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የቢሮው ሰው መነጽር ያደረገ ጨዋ ሰው ነው። አራት ገጽ ወረቀት ዘረጋ። ሽበቴን አየና የጣት አሻራ ቀለሙን ከፍቶ ፊቴ አስቀመጠ። «ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ሁሉንም አንብበን ነው የምናስፈርመው፤ ላንብብልዎት?» አለኝ። ስንት ዓመት በዚያ ሰማያዊ ቀለም ጣቴን ስነክር ኖርኩ! ለመሬቱ፣ ለአስቴር ትምህርት ቤት፣ ለዕርዳታ ስንዴ፣ አንተን ከሆስፒታል ለማስወጣት ሳይቀር። ከቢሮ ስወጣ ጣቴን በቀሚሴ የምደብቀው ነገር ትዝ አለኝ። ቀለሙን በእጄ ጀርባ ገፋሁት። «እራሴ አነባለሁ» አልኩ። ማርቆስ ሳቀና ለተሰለፈው ሰው ሁሉ «እትዬ አንባቢ ናት፣ ምን መሰላችሁ!» አለ። ልቤ እንዴት እንደሞላ ልነግርህ አልችልም።

በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ከኋላዬ አንዱ «ዛሬ እዚህ ማደራችን ነው» ብሎ ተነፈሰ። ቸኮልኩ። ገጹን ገለጥኩ፣ ሌላውንም ገለጥኩ፣ ስሜን መፈለግ ያዝኩ። አገኘሁት፤ አማረች ዳና። በማሽን ተጽፎ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከላዩ ምን እንደተጻፈ አላየሁም። ሥሩ በእስክሪብቶ ፈረምኩ፤ ቀስ ብዬ፣ አሳምሬ። ሰውየው «ጥሩ ጽሕፈት አለዎት» አለኝ። ያን ቀን እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ አላስቻለኝም።

መኪናው ሲመጣ የሠፈሩ ሴቶች ወጡ። ሹመት ላይ የተሿሚው ራስ እንደሚቀባው ቅቤ አምጥተው ኮፈኑን ቀቡት። ፀሐዩ ወዲያው አቀለጠውና መብራቱ ላይ ወረደ፤ ማርቆስ በመሐረቡ እየጠረገ ተቆጣ። እኔ ከፊት ተቀምጬ ሲቀላን አንድ ዙር ዞርኩ። አንተ ብትኖር በየት በኩል ትቀመጥ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ማርቆስ ሁለት ሳምንት ሙዜን በሰዓቱ አመላለሰ። በሦስተኛው ቀረ። ማሳው ዳር ከተቆረጠ ሙዝ ጋር እስከ ቀትር ቆሜ፣ በመጨረሻ በጋሪ ጭኜ መጣሁ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ መኪናውን አየሁት፤ ወደ ካምባ ገበያ የሚሄድ የነጋዴ ዕቃ እየጫነ ነው። ምነው ስለው «ተራ ያዢ፣ እትዬ» አለኝ። ደግሞ የጭነት ዋጋ ነገረኝ። በራሴ መኪና ለራሴ ሙዝ! አብረውት የቆሙት ሾፌሮች ሲስቁ «ለወንድሜ ሚስት ቅናሽ አደርጋለሁ» አለ። ሊብሬውን አሳየኝ አልኩት። አላቅማማም። ከመሪው አጠገብ አውጥቶ በመስኮቱ ሰጠኝና «አንባቢ አይደለሽ? አንብቢያ» አለኝ።

አነበብኩ። የባለቤቱ ስም የእሱ ነበር። አንድ ፊደል አልሳትኩም።

ቤት ገብቼ የውሉን ግልባጭ ከሳጥኑ አወጣሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ራሴ አነበብኩት። ገዢና ተበዳሪ ማርቆስ ነው። ከእኔ ስም በላይ የተጻፈው ዋስ የሚል ነው። ከዋጋው ላይ ቀድሜ የከፈልኩት ገንዘብ የእሱ ነው ይላል። የእኔ የሆነው ቤቱን ማስያዙ ብቻ ነው። ያን ቀለም ሳልገፋ ዝም ብዬ ጣቴን ብነክር ኖሮ፣ ያ ባለመነጽር ሰው ይህን ሁሉ በጆሮዬ ያነብልኝ ነበር። ሳላውቅ ስኖር ያልደረሰብኝ ባወቅኩ ማግስት ደረሰብኝ። ለአስተማሪዬ እንኳን እስካሁን አልነገርኳትም፤ ታፍራለች ብዬ።

ይህም አልበቃ አለና ማርቆስ ወርሃዊ ክፍያውን አቆመ። ከአበዳሪው ማስጠንቀቂያ መጣ፤ በሩ ላይ ለጥፈውት ሄዱ። በሦስት ወር ካልተከፈለ ቤቱ ለጨረታ ይቀርባል ይላል። አንተ ጭቃውን ረግጠህ፣ እኔ ውኃውን ከኩልፎ ወንዝ ቀድቼ የሠራነው ቤት። አስቴር መጥታ ወረቀቱን ስታነበው «አላልኩሽም?» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ተቀምጣ አለቀሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔም ክስ ልመሠርት ነው ብዬ አስወራሁ። ያን ጊዜ ማርቆስ ሽማግሌ ላከ። አምስት ሆነው መጡ፣ እርጥብ ሳር ይዘው ደጄ ላይ ተንበረከኩ። እንዴት እንዳደግን ታውቃለህ፤ ሳር የያዘ ሽማግሌ አይመለስም፣ የመለሰ ሰው ላይ የጎሜ እርግማን ይወርዳል፣ መዓቱ ለልጅ ይተርፋል። ሳሩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ማርቆስ ከኋላቸው ቆሞ አፉን ከፈተ። «እኔ የሌላ ሰው ነገር አልነካሁም» አለ። «ወንድሜ ሊሞት ሲል ቤቱም ሴቲቱም በእጅህ ናቸው፣ እንደሚሆን አድርግ ብሎኛል።» ውሸታም አልኩት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያን ቀን አጠገብህ የነበረው ጎረቤታችን፣ አንገቱን ደፋ። «እኔም ሰምቻለሁ» አለ።

እኔ ያን ጊዜ እግርህን ላጥብ ውኃ ላሞቅ ወጥቼ ነበር።

የአስቴር አባት፣ ለእኔ «ከምክሩ አትውጪ» አልክ፣ ለእሱ «በእጅህ ናት» አልክ! አብሬህ ያረስኩትን፣ አብሬህ የገነባሁትን፣ እኔኑ ጭምር ለወንድምህ አስረከብከኝ፤ ለእኔ ግን አልነገርከኝም። ማርቆስ መኪናዬን ወሰደ። አንተ ግን መንገዱን ጠርገህ ሰጠኸው። ስሙን ከላይ የጻፍኩት ያንተን መጻፍ ስለከበደኝ ነው።

እጄን ሰበሰብኩ። «ሳሩን እቀበላለሁ፤ አስቀድሞ የቤቴ ካርታ ይምጣ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ሳር ፊት ዋጋ የሚከራከር ሰው አይተው አያውቁም። ትልቁ «አማረች፣ ሳር ይዘን መጥተን ገበያ አደረግሽን?» አለኝ። «አባቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በሙዝ ተከራክሬያለሁ፣ በቤቴ አንድ ቀን ብከራከር ምን አለበት?» አልኩት። ማርቆስ ምዕራብ ዓባያ ላይ የራሱ ቤት አለው፣ ካርታውም በስሙ ነው፤ የራሱ እያለው የእኔን ለምን አስያዘ ብዬ ጠየቅኩ። ተንበርክከው ጉልበታቸው እስኪዝል ተነሱ አላልኳቸውም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በመጨረሻ ማርቆስ የራሱን ካርታ አስይዞ የእኔን እንዲያስለቅቅ፣ ያለፈውንም የሚመጣውንም ክፍያ እንዲከፍል አስማሉት። ሳሩን የተቀበልኩት ከሁለት ወር በኋላ፣ ካርታዬ እጄ ከገባ በኋላ ነው። መኪናው ግን የእሱ ሆኖ ቀረ፤ ቀድሜ የከፈልኩትም አብሮት ሄደ። ሙዜን ዛሬም በጋሪ ነው የማመላልሰው። ይቅር ብዬዋለሁ፣ በአፌ። መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰላም እለዋለሁ።

አንተን አልረሳህም። አስቴርን ያረገዝኩ ጊዜ ኩልፎ ሞልቶ በጀርባህ ያሻገርከኝን፣ እኔም ፈርቼ ሁለቱን ጆሮዎችህን ይዤ እንደ በሬ የነዳሁህን አልረሳም። ሙት ዓመትህን አወጣለሁ፣ ስምህን ለካህኑ እሰጣለሁ፣ መቃብርህ ላይ የሚበቅለውን ሣርም እነቅላለሁ።

ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ከሞትክ ወዲህ አንዳች ነገር በገጠመኝ ቁጥር መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ ምን ላድርግ እልህ ነበር። መኪናውንም ልግዛ ወይ ብዬህ ነበር፤ ዝም ስትል እሺ ያልከኝ መስሎኝ ተመለስኩ። አስቴር አሁን ከማሳው እኩሌታ ላይ ፓፓያ እንትከል ትለኛለች። እስካሁን አልወሰንኩም፤ የምወስነው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅህም።

አማረች