በአረንጓዴው ቀለም ሥር

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንዴት ነሽልኝ? ዓይንሽስ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር ታደርጊያለሽ ወይስ አሁንም ያስረጀኛል ብለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ቀብረሽዋል? ልጆቹ ሰላም ናቸው? ትልቁ ሥራ ከያዘ ወዲህ ይደውልልሻል? እኔ ደኅና ነኝ። እንደ አምናው ስልኩን ቶሎ ለመዝጋት ብዬ የምለው «ደኅና ነኝ» እንዳይመስልሽ፤ የምሬን ነው። እንቅልፌ ተመልሷል። እህል ይወርድልኛል። «ምስኪኗ» ይሉኝ የነበሩት ጎረቤቶቼ ደግሞ አሁን በስሜ እየጠሩ ይነዘንዙኛል።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ጀመርኩ መሰለሽ፤ ገና አፌን ስከፍት ሳቅሽን ትለቂውና ወሬዬ ይበተናል። እንግዲህ በጽሑፍ አታቋርጪኝም፤ አርፈሽ አንብቢ።

መኪናዋ የመጣች ቀን እንዴት እንደተናደድኩብሽ አልረሳሽም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አብረን የምንሠራበትን ጋራዥ ቆልፌ፣ መጋረጃዬን ዘግቼ በተቀመጥኩበት አንድ የጭነት መኪና ደጄ ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ያንባርቀዋል። ብወጣ ሹፌሩ «ዕቃ ተልኮልሻል» አለኝ። ዕቃው ግማሽ መኪና ነበር። ከፊት ስታዪያት ክብ ክብ መብራት ያላት፣ ከጎማዋ በላይ ያለው ፓራፋንጎዋ ሞላ ያለ፣ የተከበረች የድሮ እመቤት ናት። ከበሩ ወዲያ ያለው ገላዋ ግን ተቆርጦ የቆርቆሮ የጭነት ሳጥን ተለጥፎባታል። ሁለመናዋን ደግሞ የአጥር በር በሚቀባበት አረንጓዴ ለቅልቀዋታል።

ስደውልልሽ «ከአሮጌ ብረት ሻጭ ነው የወሰድኳት፤ ድሮ አካሏ ምን ይመስል እንደነበረና መጀመሪያ የማን እንደነበረች ፈልጊልኝ» አልሽኝ። ሊብሬዋ ላይ ያለው የመጨረሻው ባለቤት ስም ብቻ ነው። «እኔ ባሌን ቀብሬ አንቺ የመኪና ዘር ታስቆጥሪኛለሽ?» ብዬ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። አንቺም መልሰሽ አልደወልሽም። ያ ነው ያስገረመኝ፤ አንቺና ዝምታ መቼም ተዋውቃችሁ አታውቁም።

መንገድ ዘጋሽ ብለው ጎረቤቶች ሲጮኹብኝ፣ ወደ ውስጥ ለማስገባት የግዴን ጋራዡን ከፈትኩ። የባለቤቴ ሽርጥ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። መዶሻዎቹ እሱ እንደሚወዳቸው በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ሰዎቹ መኪናዋን ገፍተው አስገብተውልኝ ሄዱ፤ እኔ ግን መውጣትም መቀመጥም አቃተኝ። እጄን የማደርግበት ባጣ የብርጭቆ ወረቀት አነሳሁና በሯን ፋቅ ፋቅ አደረግኳት። ከአረንጓዴው ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር አመድማ ወጣ። ከሁሉም ሥር አንድ ጥልቅ ቀይ፣ ወደ ቡና የሚያደላ፣ ገና ትናንት የተቀባ ይመስል ብልጭ አለብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም የቀመምኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ከጣሳ አታገኚውም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ እየጨመረ እየቀነሰ፣ የሆነ ነገር እንዲመስልለት ፈልጎ በእጁ የበጠበጠው ነው። ምን እንዲመስልለት? ይኸው ጥያቄ ያዘኝ። እስኪመሽ ድረስ ስፍቅ ዋልኩ፤ ምሳ አለመብላቴ ትዝ ያለኝ ራት ስበላ ነው።

በማግስቱ ወለሏ ላይ የተነጠፈውን ጎማ ገለጥኩ። በግራና በቀኝ የተደፈኑ የብሎን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ መደርደሪያ ነበራት ማለት ነው። ከበሩ ኋላ ደግሞ የተቆረጠችበትን የብየዳ ጠባሳ አገኘሁ። በጥንቃቄ የተሠራ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ብየዳ ነው። ባለቤቴ ሁልጊዜ «እንዲህ የሚበይድ ጋሽ ጢሞ ብቻ ነው» ይል ስለነበር፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ እሳቸው ወጣሁ። ከቤቴ መውጣት ካቆምኩ ወዲህ ስንት ወሬ እንዳለፈኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ የጥግ ዳቦ ቤቱ እንኳ ፀጉር ቤት ሆኗል።

ጋሽ ጢሞ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። በረንዳቸው ላይ ለርግብ ጥሬ ሲበትኑ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ጥሬው ከእጃቸው ረገፈ። ስለ ባለቤቴ አንድም የማጽናኛ ቃል አላወጡም፤ «አንድ ቀን በንዴት አበድኩና መዶሻዬን ደበቀብኝ፤ የት እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉኝ። እሱ ከሞተ ጀምሮ መጀመሪያ የሳቅኩት በዚያች በረንዳ ላይ ነው። አብረውኝ መጡና ጠባሳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«የኔ ሥራ ነው። ልቤ እያዘነ ነው የቆረጥኳት» አሉ። «ገዢው አሸዋ ሊጭንባት ፈለገ። ከኋላ ረጅም፣ ሽፍን ያለች ነበረች። በቀኝ ጎኗ ወደ ላይ የሚነሳ መስኮት ነበራት። ስቆርጣት ውስጧ ቆዳ ቆዳ ይሸት ነበር። የሸጠችው ሴትዮ ደጅ ቆማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።»

የማን እንደነበረች ስጠይቃቸው «የባለ ጫማዋ ነበረች፤ ከድልድዩ ማዶ» አሉኝ።

ከድልድዩ ማዶ ጫማ ሠሪዎች የሚደረደሩበት መንገድ አለ። የመጀመሪያውን ጠየቅኩት፤ ሳቀና «እኛን ሁላችንን ያስተማረችን እሷ ናት» ብሎ የሴት ልጃቸውን ቤት አሳየኝ። ፎቅ ላይ ነው። ልጅየዋ በሩን ከፈተችልኝ። ባለ ጫማዋ አሮጊት መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝና፣

«ባለ ቀለሟ! መጣሽ?» አሉኝ።

አብሮ አደጌ፣ እኔ ገና ስሜንም ሥራዬንም አልተናገርኩም። ጥፍሬን አየሁ፤ ታጥቤ ነው የወጣሁት፣ ንጹሕ ነው። ልጃቸው ቀልጠፍ ብላ «እማዬ ደግሞ ሰው ሁሉ የምታውቀው ይመስላታል» አለችና፣ ዓይኔን ሳታይ ሻይ ላምጣ ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ተቀመጥኩ።

መኪናዋን ያሠራው ባላቸው ነው። እግራቸው እኩል ያልሆነ፣ ሱቅ ድረስ መምጣት የማይችሉ ሰዎችን ቤታቸው እየሄደ ጫማ ሊሠራላቸው ነበር ሐሳቡ። ከፊት በኩል ያለውን ብቻ ገዝቶ፣ የኋላውን አናጢና ላሜራ ቀጥቃጭ ባትላሜራ አጠገቡ አስቀምጦ እንደ ልቡ አሠራው። ቀለሙንም ራሱ በጠበጠ፤ በጣም የሚወደውን ቆዳ እንዲመስልለት። አንድ ክረምት እንኳ ሳይነዳት ሞተ።

«ቆለፍኩባት» አሉኝ። «ዶሮዎቼ ከሥሯ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ከዚያ አንድ አባት መጣ። ባሌ ለሴት ልጁ የአንድ እግሯን ጫማ ሰጥቶት ነበር፤ የሌላው ገና ነበር። ‹አንዱን አድርጋ ሌላውን ትጠብቃለች› አለኝ። ምን ልበለው? ተቀመጥኩና ሰፋሁት። ቀጥሎ መንዳት ተማርኩ። መጀመሪያ የገጨሁት የራሴን አጥር ነው።»

ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ያንን ሁሉ ጫማ ሠሪ ያስተማሩት በዚያች መኪና እየዞሩ ነው። የሸጧትም ዓይናቸው መንገድ አላሳይ ሲላቸው ነው። ፈራ ተባ እያልኩ፣ ሲሠሩ ሐዘኑ ለቀቀዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ የት ሄዶ! አብሮኝ ይዞር ነበር፤ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ግን የምነዳው እኔ ነበርኩ» አሉኝ።

ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አለቀስኩ። ማንም ዝም በዪ አላለኝም። ስነሳ እጄን ይዘው «ጠብቄሽ ነበር፤ ብቻ ትዘገያለች ተብዬ ነበር» ሲሉ ልጃቸው ከበስተኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ማን እንዳላቸው አልጠየቅኩም። አንቺንም አልጠይቅሽም። ደረጃውን ስወርድ ከአንቺ ከተማ እስከዚያ ፎቅ ያለው መንገድ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ብቻ አሰብኩ።

አሁን ጋራዡ ክፍት ነው። ጋሽ ጢሞ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፤ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም አፋቸው አይደክምም፣ የቀጠርኩትን በያጅ ቁም ስቅሉን ያሳዩታል። የቆርቆሮው ሳጥን ተነስቶ የኋላው አካል እንደ ጥንቱ እየተሠራ ነው። ባለ ጫማዋ መጥተው፣ ወንበር አቅርበንላቸው የመስኮቱን ቦታ በጣታቸው አሳዩን። ቀለሙን በጥብጬ ሳሳያቸው ፊታቸውን ኮሶ አስመስለው «ይሄማ የሽንኩርት ልጣጭ ነው» አሉኝ። እንደገና በጠበጥኩ፤ አሁንም አልተዋጠላቸውም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቁራጭ ላሜራ ቀብቼ ጉልበታቸው ላይ ባስቀምጥላቸው አልመልስም ብለው ሲዳስሱት ዋሉ። ሌላ ሥራም መጥቶልኛል፤ ትናንት አንዲት ሴትዮ በሯ የተጨረመተ መኪና ይዛ መጣች።

ለላክሽልኝ መኪና አመሰግንሻለሁ። ከመኪናዋ ጋር ለላክሽልኝም። ስቆጣሽ ላልተቆጣሽኝ፣ ስዘጋብሽ ዝም ላልሽኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ምላስሽን ነክሰሽ ለቻልሽው አመሰግንሻለሁ። ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፤ ልጆችሽ ይጡሩሽ፤ የምታስቢለት ሰው አያሳጣሽ፤ የሚያስብልሽም አይጥፋ።

ቀለሟ ሲደርቅ ትመጪያለሽ። ከባለ ጫማዋ ጋር አስተዋውቅሻለሁ፤ እባክሽ እንደ አዲስ ተዋወቂያቸው። እኔም እንደ አዲስ አስተዋውቅሻለሁ። ብቻ አትሳቂ።

አብሮ አደግሽ