ጋጋሪ ቁጥር 212

ኅዳር 3
ጉልበቴን ሲያመኝ ዋለ። ፋርማሲ ሄጄ ቅባት ገዛሁ። ሻጯ "ለማን ነው?" አለችኝ። "ለሚስቴ የመጀመሪያ ባል" አልኳት። አሰበች፣ አሰበች... ዋጋውን ነገረችኝ።

ከሰዓት እህቴ ዘንድ። ሰማንያ አምስት ሞላት። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ዛሬም ጫማህን ጥረግ ትለኛለች። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ብሏታል።

"መቼ ሠርቶ ነው የደከመው?" አልኳት።

"አፍህን ያዝና ይህን አንብብ።"

ወረቀት ነው። ስትሞት የመቃብሯ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው። ስሟ፣ ቀጥሎ ያጎታችን ስም። ያባታችን የለም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ አዲስ ትምህርት ቤት ሲመዘግቧት "የአባት ስም?" ቢሏት ያጎታችንን ሰጠች፤ መታወቂያዋም እስከ ዛሬ በዚያው ነው።

"ከታች ፈርምና ለድንጋይ ጠራቢው አድርስ።"

"እትዬ፣ አባታችን እኮ..."

"የትኛው አባታችን?"

አልፈረምኩም። መነጽሬን ረስቻለሁ አልኳት። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ኅዳር 4
እንዳልረሳው ልጻፈው። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር። ለጦርነቱ ሲወስዱት እኔ ሁለት ዓመቴ፣ እሷ ዘጠኝ። ቆይቶ ተማረከ የሚል ወሬ መጣ። ጦርነቱ አበቃ፣ ምርኮኞች እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። እሱ የለም። ከዚያ ጎረቤታችን ቆዳ ነጋዴው ለንግድ ከሄደበት ከተማ ተመልሶ "አየሁት" አለ። ገበያ መሐል፣ በነጭ ሸሚዝ፣ ከአንዲት ሴት ጋር እየሳቀ። በስሙ ጠራሁት፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ... አለ።

እናታችን ከዚያ ወዲህ ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እህቴ "ሰውዬው" ነው የምትለው። እኔስ? መልኩን እንኳ አላውቀውም። የማላውቀውን ሰው እንዴት አድርጌ ልቀየመው?

ያ ከተማ የምርኮኞች ካምፕ የነበረበት ነው። በአውቶቡስ አምስት ሰዓት። መዝገቦቹ ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ይገኛሉ አሉ። እሷ ልቧ ደክሟል፣ እኔ ጉልበቴ... ካሁን ወዲያ መቼ?

ኅዳር 9
ሄድኩ። ምድር ቤቱ እንደ በረዶ ነው። መዝገብ ያዧ ወጣት ናት፤ ሁለት ሹራብ ደርባለች።

"አባቴ፣ ምን ፈልገው ነው?"

"አባቴን።"

ከት ብላ ሳቀች። ተግባባን። የምርኮኞቹ መዝገብ በስም ሳይሆን በሙያ ነው የተደረደረው። ካምፑ የሚፈልገው እጃቸውን እንጂ ስማቸውን አልነበረምና። አናጺዎች፣ ግንበኞች፣ ልብስ ሰፊዎች...

ልብስ ሰፊዎች አርባ አንድ ናቸው። አርባ አንዱንም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። የለም።

"ምናልባት ሌላ ካምፕ..." አለች ባለ ሹራቧ። ልታጽናናኝ ነው። አርባ ዓመት የሰው ጸጉር ቆርጫለሁ፤ ሲያጽናኑኝ አውቃለሁ፣ እኔም መላጣ ለሆኑት እንደዚያ ነበር የምለው።

ኅዳር 10
ጉልበቴ። ሌላ ምንም።

ኅዳር 13
እህቴ ነቅታብኛለች።

"የት ጠፍተህ ነው የከረምከው?"

"ሚስት ልፈልግ።"

"በዚህ ጉልበትህ? ሰውዬውን ነው የምትፈልገው።"

ጉልበቴን ማሸት ያዝኩ።

"ብታገኘውም አትመነው። ውሸታም ነበር፣ እንዳንተው። መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው ሥራህ ምንድነው ካለው አንዴ ሐኪም ነኝ፣ አንዴ ዋሽንት ነፊ ነኝ ይላል። ያውም ዓይኑን ሳያሽ። እማዬ በሳቅ ትፈርስ ነበር።"

ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ በሳቅ ስትፈርስ! ስወጣ በሩ ላይ "ወረቀቱስ?" አለችኝ። መነጽሬ ተሰበረ አልኳት።

እራት እየበላሁ አንድ ነገር መጣልኝ። እኔ ምርኮኛ ብሆን፣ ሆዴ ከጀርባዬ ቢጣበቅ፣ ወታደሩ ብዕር ይዞ "ሙያ?" ቢለኝ... ጸጉር አስተካካይ ነኝ እላለሁ? ሞቼ ነው! እህሉ ካለበት ጋ ነው የምቆመው።

ለሃምሳ ዓመት "ውሸትህ ምን ይጠቅምሃል?" ሲሉኝ ነበር።

ኅዳር 17
ባለ ሹራቧ "ደግሞ መጡ?" አለች። "የወጥ ቤቱን አምጪልኝ" አልኳት።

ወጥ ቤት የለም። ዳቦ ቤት... ቁጥር 212። ስሙ። ያያቴ ስም። የትውልድ ቦታው። የእናቴ ስም። ልጆች፦ ሁለት። ሙያ፦ ዳቦ ጋጋሪ።

ጣቴ መዝገቡ ላይ ቀረ። ባለ ሹራቧ ውኃ አመጣችልኝና ከዚያ ተነሥታ የቀረውን አንድ በአንድ እየፈለፈለች ታወጣ ጀመር። እንዳገኘችው ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

የቅጣት መዝገብ፦ ጋጋሪ 212 በመጀመሪያ ቀኑ ሃያ ዳቦ አቃጠለ። ሦስት ቀን እስር። (እስረኛን ማሰር! ይህን ያሰበ ሰው ጭንቅላት ነበረው።) በሳምንቱ እንደገና፣ አሥራ አንድ ዳቦ። ከዚያ በኋላ ስለ ማቃጠል የሚል ነገር የለም።

የመውጫ ፈቃድ፦ 212 ዱቄት ለመግዛት ገበያ እንዲወጣ። ከዱቄት ነጋዴዋ በቀር ከማንም ሰው ጋር ቢነጋገር ጋጋሪዎቹ በሙሉ ይቀጣሉ።

ይኸው ነው ፊቱን ያዞረበት። ቆዳ ነጋዴው አልዋሸም፣ ያየውን ነው የተናገረው። ነጩ ሸሚዝም ዱቄት ይሆናል። ከሴትየዋ ጋር ለምን ይስቅ እንደነበር ግን ፈቃዱ አያብራራም። እኔም አልጠየቅኩም። የኔ አባት ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ምርኮኞቹን የፈቱት በሙያ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ መጀመሪያ። ጋጋሪዎቹ ይቆዩ፤ ወታደሩ ገና አልወጣም፣ ዳቦ ይበላል።

ከዚያ ማመልከቻዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። በእጁ የጻፋቸው። የአባቴን እጅ ጽሑፍ በሰባ ስምንት ዓመቴ አየሁ። ፊደሉ ዘመም ይላል።

አንደኛው፦ "እኔ ጋጋሪ አይደለሁም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዋሸሁት ርቦኝ ነው። ከልብስ ሰፊዎቹ ጋር እንድሄድ ይፈቀድልኝ።" ጠርዙ ላይ መኮንኑ በቀይ፦ "ዳቦው ጥሩ ነው። አልተፈቀደም።"

ሳቅሁ። ባለ ሹራቧም ሳቀች። ከዚያ ሁለታችንም አቆምን።

ሁለተኛው ተመሳሳይ ነው። መልስ የለውም።

ሦስተኛው፦ "ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ማንበብ ጀምራ ነበር። ትንሹ አያውቀኝም። ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፣ መድረሱን እንጃ። ልብስ ሰፊ ነኝ።" ጠርዙ ላይ፦ "ልብስ ሰፊ ለመሆኑ ምስክር ያቅርብ።"

ከየት ያምጣ? የሚያውቁት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ሄደዋል። ይህ መልስ በተጻፈ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በተስቦ ሞተ ይላል። እዚያው ቀብረውታል። የደረሰን ደብዳቤ የለም።

ባለ ሹራቧ ሁሉንም ገልብጣ ሰጠችኝ።

ኅዳር 18
እንዴት ነው የምነግራት? ቀልድ ጨምሬበት? ቀልድ ሳልጨምርበት? ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል። ሰባ ምናምን ዓመት የተሸከመችውን ቂም ከጀርባዋ ባወርድባት ቆማ መሄድ ትችል ይሆን?

ኅዳር 20
ነገርኳት። ምንም አልጨመርኩም። የመኮንኑን የሚያህል ቀልድ ከየት አመጣለሁ።

ወረቀቶቹን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። የመውጫ ፈቃዱ ላይ ብዙ ቆየች። "ፊቱን ያዞረው ለካ..." አለችና ተወችው። "ዳቦው ጥሩ ነው" የሚለው ላይ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች መስሎኝ ተነሣሁ። እየሳቀች ነበር። እያለቀሰችም ነበር።

ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ምን ይላል ይሄ? ምስክር ያቅርብ?"

"አዎ።"

"እኔ እያለሁ?"

"እትዬ፣ ያኔ እኮ የአሥር..."

"ጫማዬን አቀብለኝ።"

"ዛሬ አውቶቡስ የለም። ሐኪሙም ጉዞ ከልክሏል።"

"ታዲያ መቼ ነው ያለው?"

ኅዳር 24
ሐሙስ አለ። ሄድን። መንገዱን ሙሉ ተኛች። ስንወርድ ሕንፃዎቹን አየች፣ ፀሐይዋን አየች።

"ይኸው ነው? ጠዋት ተነሥተን ለምሳ የምንደርስበት?"

ክንዷን ይዤ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መራኋት።

የምድር ቤቱን ደረጃ በአሥራ አምስት ደቂቃ ወረደችው። ባለ ሹራቧ ወንበር አመጣች፣ አንዱን ሹራቧን አውልቃ አለበሰቻት።

"ምን ልርዳዎት እማማ?"

"ልመሰክር ነው የመጣሁት። ለ212።"

"እማማ... ጉዳዩ እኮ የተዘጋ ነው።"

"ማን ዘጋው? ምስክር አምጣ አላችሁት። መጣሁ።"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ምን ላድርግ? "አርባ ዓመት አስተማሪ ነበረች፣ አትከራከሪያት" አልኳት። መዝገብ ውስጥ ምንም መቀየር አይቻልም፣ ግን ከማመልከቻው ጋር ተጨማሪ ወረቀት ማያያዝ ይቻላል አለች። ንጹሕ ወረቀት አወጣች።

እህቴ አጻፈቻት። ቀስ ብላ፣ ለተማሪ ቃል እንደምትጠራ።

"ሊወስዱት ሁለት ቀን ሲቀረው ቀሚስ ሰፋልኝ። ሰማያዊ። የታች ጫፉን ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋው። ብዙ ነው አልኩት። በየዓመቱ አንድ አንድ ጣት እየፈታሽ ታስረዝሚዋለሽ፣ አብሮሽ ያድጋል አለኝ። ስድስት ዓመት ለበስኩት። ፈትቼ ፈትቼ ስጨርስ ነው ያወለቅሁት። እንዲህ ያለ ጫፍ የሚሰፋ ሰው ዳቦ ጋጋሪ አይደለም። ልብስ ሰፊ ነው።"

ይህን ቀሚስ ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። በየዓመቱ አንድ ጣት... ያጎታችንን ስም ለትምህርት ቤት ሰጥታ ወጥታ፣ ቤት ገብታ ጫፉን ትፈታ ነበር ማለት ነው?

ባለ ሹራቧ ጽፋ ጨረሰች።

"የምስክር ስም?"

ስሟን ሰጠች።

"የአባት ስም?"

እኔ ኮርኒሱን ማየት ያዝኩ። አፌን ለመዝጋት እንደዚያች ደቂቃ ታግዬ አላውቅም።

ያባታችንን ስም ተናገረች። ጮክ ብላ፣ አጥርታ።

ልጅቷ መታወቂያውን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየች። "እማማ፣ እዚህ ላይ የሚለው እኮ ሌላ ነው።"

"እሱ ተሳስቷል" አለች እህቴ። "አንቺ የነገርኩሽን ጻፊ።"