ወንዙን ወንዝ ብለው የጠሩት የወ/ሮ ገበያነሽ ላቀው የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ገበያነሽ ላቀው ከአባታቸው ከአቶ ላቀው ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እማዋይሽ ብሩ በ1939 ዓ.ም. በጣና ዳር፣ በጎርጎራ ተወለዱ። አባታቸው የደንገል ታንኳ ሠሪ ስለነበሩ ልጅነታቸው ያለፈው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎንደር ተከታትለው በ1962 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ከዚያም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር በዓሣ ምርምር ለዓመታት አገለገሉ። በ1966 ዓ.ም. ከአቶ ሚሳኤል ኃይሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ያኤልንና ሚካልን ወልደዋል። በ1975 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ መካኒሳ ሲዛወር እሳቸውም በአንድ የምርምር ክፍል የውኃ ጥራት ባለሙያ ሆኑ።

ወ/ሮ ገበያነሽ ከቤታቸው ግርጌ የሚያልፈውን ወንዝ ጎራ ብለው ሳያዩ ታክሲ አይሳፈሩም ነበር። ቀለሙ ሰኞ ሌላ፣ ዓርብ ሌላ ነው። ጎመኑ የሚጠጣው እሱን ነው፤ ከብቱም የሚጠጣው እሱኑ። በ1985 ዓ.ም. የወንዙን ውኃና በውስጡ የሚኖሩትን ፍጥረታት ለማጥናት፣ ለምርምር ድጋፍ ለሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት አመለከቱ። መልሱ፣ ገንዘቡ ለወንዞችና ለሐይቆች የተመደበ ስለሆነ የመካኒሳውን «የፍሳሽ መውረጃ ቦይ» አይመለከትም የሚል ነበር። ወደ ከተማው የፍሳሽ ክፍል ሲሄዱ ደግሞ፣ «እትዬ፣ ይሄማ ወንዝ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» ተባሉ። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ዓመታት ተመላለሱ።

በ1988 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ፣ ከጥናቱ ርዕስ ላይ «ወንዝ» የሚለውን አውጥተው «ቦይ» ካሉት ገንዘቡ በሌላ በኩል እንደሚፈቀድ ነገራቸው። የሥራ ባልደረባቸው አቶ ኑሪም፣ «ገቢዬ፣ ቦይ ብለሽ ገላገይን! ውኃው እንደሆነ ስሙን አይሰማ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «ቦይ ካልኩማ ማንም የፈለገውን ይድፋበት ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። ቦይ ለዚሁ አይደል የሚቆፈረው?» ብለው እምቢ አሉ።

ይልቁንም ከወንዙ በመረብ ያወጧትን፣ ጣት የማታክል ዓሣ በጠርሙስ ይዘው ገንዘቡን በሚፈቅደው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢው፣ «ይቺን ደግሞ ከየትኛው ዓሣ ቤት ገዛሻት?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሰብሳቢው በዕድሜ የሚበልጧቸውን እሳቸውን በሰው ፊት «አንቺ» ማለታቸውን ወ/ሮ ገበያነሽ ለቤተሰባቸው የተናገሩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዓሣዋ በጠርሙሱ ውስጥ ትዋኝ ነበር። ውሳኔው አልተለወጠም።

በ1990 ዓ.ም. እዚያው ቦታ መረባቸውን ቢጥሉ ፌስታል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር አልወጣም። ያን ዕለት ቤት ገብተው ለባለቤታቸው፣ «ሚሳኤል፣ አሁንስ ቦይ አደረጉት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻውን አንስተው አያውቁም።

ወ/ሮ ገበያነሽ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው ወ/ሮ ተሾመች ከነቤተሰባቸው ሐዘናቸውን ይዘው ቀርተዋል።

ትናንት ያ መሥሪያ ቤት የአበባ ጉንጉን ልኳል። በሪባኑ ላይ «ለወንዞቻችን ጠበቃ» ተብሎ ተጽፎበታል። ለካ ቃሉን መጻፍ ይቻል ኖሯል። ጉንጉኑን ቤተሰቡ በአክብሮት ተቀብሏል፤ ከሬሳ ሣጥኑ ላይ ግን አላኖረውም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ መካነ መቃብራቸው ስንሄድ የዚያኑ ወንዝ ድልድይ እንሻገራለን። ሁላችንም እዚያ ስንደርስ አፍንጫችንን መያዝ ለምደናል፤ እሳቸው አንድም ቀን ይዘው አያውቁም። ዛሬ እሳቸውን ያጀበ ሰው፣ ቢያንስ እስኪሻገር ድረስ እጁን ያውርድ።

ንጹሕ ውኃ ከማይነጥፍበት ስፍራ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። አሜን።