ከሳሌርፔት ጃንክሽን ታሪክ የወጣው ገጽ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ኮልፋክስ መንገድ በመኪና ተዘጋግቶ ፓርክ ሂል ሥራ ቦታዬ አርፍጄ ገባሁ። የምንከባከባቸውን ሽማግሌ ሚስተር ራኦን አጠብኩ፣ ቁርስ አበላሁ። ከዚያ እንደልማዳችን እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ። ህንድ ገጠር ውስጥ ሁለት ሐዲዶች የሚገናኙበት የሳሌርፔት ጃንክሽን ባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ልጃቸው ኪራን ለዘጠናኛ ዓመት ልደታቸው የምጽፈውን መጽሐፍ ሊያደርገው ነው።

ዛሬ ስለ ሐዲዱ። አንዱ መስመር ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ጥጡም፣ ጨውም፣ ስሚንቶውም ከባቡር ወደ ባቡር በሴቶች ጭንቅላት ላይ ተጭኖ ይሻገር ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ! ማንም ሊያስተካክለው አልቸኮለም… ደሜ ፈላ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
ምን ልበል?

በ1974 ተሸካሚዎቹ ሥራ አቆሙ። አለቆች ከከተማ መጥተው "አሳዳሚዎቹ እነማን ናቸው?" አሉ።

"ስማቸውን ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉኝ ሚስተር ራኦ።

አስራ አንድ ሴቶች። በማግስቱ ዝናብ እየወረደ ከጣቢያው ቤቶች ከነልጆቻቸው ተባረሩ። ጋንጋማ የምትባለው አራስ ነበረች። ሕፃኗ ሳምንት አልቆየችም።

"ለምን ሰጡ?"

"ምክትል ነበርኩ። እድገት እየጠበቅኩ።"

እድገት! ሾርባቸውን ፊታቸው አስቀምጬ ወጣሁ። ራሳቸው መብላት እንደማይችሉ እያወቅኩ… መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ተመልሼ አበላኋቸው። እየተናደድኩ።

"ጻፍሽው?"

"ጽፌዋለሁ።"

"ስሞቹንም?"

"አንድም አልቀረም።"

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15
መጽሐፉ ታትሞ መጣ። የአስራ አንዱ ሴቶች ገጽ ግን የለም!

ኪራንን ጠየቅኩት። "ልደት እኮ ነው ፀዳል። ልጄ ስለ አያቷ እንዲህ ያለ ነገር እንድታነብ አልፈልግም። ደግሞ ያንቺ ሥራ እሱን መንከባከብ ነው።"

የሴቶቹን ፎቶ ግን አስገብቶታል። ጆንያ ተሸክመው። ከሥሩ "ደስተኞቹ ሠራተኞቻችን" ይላል። ደስተኞቹ?! ማን ጠየቃቸው?

ሚስተር ራኦ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አገላበጡት። ከሰዓት በኋላ፣ "የወጣውን ገጽ ፕሪንት አድርጊልኝ" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18
ልደቱ። ቤቱ ሙሉ ሰው። ንግግር ያድርጉ ሲባሉ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። ሁለት መስመር አንብበው ድምፃቸው ተቆረጠ። ኪራን "ዳድ ደክሞታል" ብሎ ወረቀቱን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

እሳቸው ግን ለኔ ሰጡኝ። በዚህ እንግሊዝኛዬ!

ቆሜ አነበብኩት። አስራ አንዱንም ስም። ማንም አላጨበጨበም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21
የቀጠረኝ ኤጀንሲ ደወለ። ቤተሰቡ ቅሬታ አቅርቧል፤ ከሚስተር ራኦ ቤት ተነስቻለሁ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ቶርንተን፣ ሌላ ሰው ቤት።

ባለቤቴ ደምሰው "ይቅርታ ጠይቂና ይመልሱሽ" ይላል። ለምኑ? ስምንት ዓመት በሰው ቤት ያየሁትን ሁሉ ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። በቃኝ። ይቅርታ አልጠይቅም። ሚስተር ራኦንም ገና ይቅር አላልኳቸውም።

ከሰዓት ራሳቸው ደወሉ።

"ኪራን አያናግረኝም" አሉ። "ልጁ አንጃሊ ግን ዛሬ ከትምህርት ቤት መጥታ ጋንጋማ ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።"

"አልተቆጣችም?"

"በጣም ተቆጣች። በሩን ደርግማ ወጣች። ከደጅ ሆና ግን ነገ የቀሩትን የአስሩን ሴቶች ትነግረኛለህ አለችኝ።"